ሰማዩን ከድንጋዩ ውስጥ ያወጣው ማን ነው?



እሁድ ሰንበቴ ገበያ የቆመ ሰው በምሥራቅ ወደ አፋር የሚዘረጋውን ቆላ፣ በምዕራብ ደግሞ የደጋውን ተራራ ያያል። ይህን ሁሉ ቀለም ሳትነካ በድንጋይ ብቻ ሳለው ብትባል ከየት ትጀምራለህ?

ፍሎረንስ ውስጥ የሜዲቺው ፈርዲናንዶ ቀዳማዊ በ1588 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው የድንጋይ ሥራ ቤት ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። በእንጨት ቀስት ላይ ቀጭን ሽቦ ይወጥራሉ። ሽቦው ብቻውን ምንም አይቆርጥም፤ ድንጋዩን የሚበላው እርጥብ የተደረገው ሻካራ ዱቄት ነው። ደመና ሲያስፈልግ ነጭ አይቀቡም፤ ደመና የመሰለ ጭረት ያለበት ድንጋይ እስኪገኝ ይፈልጋሉ። ሰማያዊው ላፒስ ላዙሊ የመጣው ከሩቅ፣ ከአፍጋኒስታን ባደኽሻን ነው። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ስፌቱ አይታይም።

«ሥዕል አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ኢብኑ ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁ) በመሳል የሚተዳደር ሰው ሲጠይቃቸው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ እንደነገሩት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ ተራራና ሰማይ ላይ ብዙ አንጨቃጨቅ። በዴልሂ ቀይ ምሽግ ከሻህ ጀሃን ዙፋን ጀርባ ያሉት የፍሎረንስ ድንጋዮች ግን ወፎች አሉባቸው፤ ንጉሡ ሙስሊም መሆኑ ብቻ ማስረጃ አይሆንም!

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው፤ ምስጋናው የማን ነው? ደመናውን በድንጋዩ ውስጥ ያኖረው አላህ ነው። ሠራተኛው አገኘው እንጂ አልፈጠረውም። እንግዲያው «ሱብሓነላህ» ብለን ብናልፍ በቂ አይደለም? እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር፤ ደላንታን እስካስብ ድረስ። በ2008 እ.ኤ.አ. ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘ ወዲህ የወሎ ወጣቶች ገደሉን እየፈለፈሉ ያወጡታል፤ ዋሻው ተንዶባቸው የቀሩም አሉ። ቀለበቱን የሚያደርገው ሰው «የአላህ ሥራ!» ቢል እውነቱን ነው። ግን ይህ እውነት ቆፋሪውን ለመርሳት ሲውል ምስጋናው ይጎድላል፤ ሰዎችን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነምና። ድንጋዩ የተፈጠረው ያለ ሰው ድካም ነው፤ እጃችን የገባው ግን በሰው ድካም ነው። ሁለቱን መለየት ያቃተን ይመስለኛል።

የሜዲቺዎቹ አርማ እዚያው ፍሎረንስ በመቃብር ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ በዚሁ በጠንካራ ድንጋይ ተሠርቶ ይታያል። ሽቦውን ከጠዋት እስከ ማታ ይጎትቱ ከነበሩት የብዙዎቹን ስም ግን ማንም አያውቀውም።