በይሉኝታ ስለሚገዛ ውበት

እግዚአብሔር ሰውን በአርአያውና በአምሳሉ በፈጠረው ጊዜ ከሰጠው ሀብት ሁሉ ሁለቱን እናስብ። አንደኛው መልኩ ነው፤ ሁለተኛውም ፈቃዱ ነው። መልኩን ከገበያ አልሸመተውም፤ ከፈጣሪው በነጻ ተቀበለው እንጂ። ፈቃዱንም ራሱ አሳልፎ ካልሰጠው በቀር ማንም ሊነጥቀው አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህ ሁለት ሀብታት በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ፣ ስለ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ቅባት እንዴት እንደሚፈተኑ ነው።

ነገሩ ለመንፈሳዊ መጽሔት የማይገባ ትንሽ ጉዳይ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በትንሹ ነገር «አይሆንም» ማለት ያልለመደ አንደበት በትልቁ ፈተና ቀን ከወዴት አግኝቶ ይለዋል? ስለዚህ ትንሹን ነገር በትኵረት መመልከት የጥበብ መጀመሪያ ነው።

በዘመናችን በውቅያኖስ ላይ ለሽርሽር በሚመላለሱ ታላላቅ መርከቦች ውስጥ የመታጠቢያና የመታሻ ቤቶች አሉ። መንገደኛይቱ ድካሟን ልታሳርፍ ትገባለች። ስታሻት የቈየችው ሠራተኛ ግን ሥራዋን በፈጸመች ጊዜ ወደ ሻጭነት ትለወጣለች፤ የፊቷን ጕድለት አንድ በአንድ ትቈጥርላታለች፤ ቅባቱንም በፊቷ ትደረድራለች፤ ብዙ ጊዜ ከሸጠችው ላይ ድርሻ ታገኛለችና። መንገደኛይቱም በገዛ ገንዘቧ ዕረፍት ልትገዛ ገብታ ኀፍረት ተሸክማ ትወጣለች።

መርከቡ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው፤ ፈተናው ግን ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ዲላ ብንደርስ፣ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፣ የጠጕር መሥሪያ ቤቶችንና የቅባት መሸጫዎችን እናገኛለን። በጌዴኦ ምድር ደግሞ ገንዘብ የራሱ ወራት አለው። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ገንዘብም በጥቂት ወራት ውስጥ እጁ ይገባል። ከዚህ ገንዘብ ላይ የልጆች ደብተር፣ የብድር ዕዳ፣ እስከሚቀጥለው ቡና ድረስ ያለው ቀለብ ሁሉ ይጠብቃል። እንግዲህ በዚያ ወራት በአንዲት እናት መቀነት ውስጥ ያለው ብር የአንድ ቀን ብር ሳይሆን የዓመት ብር ነው። ጠጕሯን ልትሠራ ገብታ ሳትፈልገው ቅባት ገዝታ ብትወጣ፣ የጐደለው ከመቀነቷ ብቻ አይደለም፤ ከልጆቿም ማዕድ ነው።

ጌጥ ኃጢአት ነውን?

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ንጽሕናና ጌጥ በራሳቸው ኃጢአት ናቸው የሚል ትምህርት የለንም። እናቶቻችን ጠጕራቸውን ቅቤ ይቀባሉ፤ ዓይናቸውን ይኳላሉ፤ እጃቸውንና እግራቸውን እንሶስላ ይሞቃሉ። አስቴር ወደ ንጉሡ ከመግባቷ በፊት ስድስት ወር በከርቤ ዘይት፣ ስድስት ወር በሽቱ እንደ ተዘጋጀች መጽሐፍ ይነግረናል፤ ስለዚህም አልተነቀፈችም። ነገር ግን ልብ እናድርግ፤ ተራዋ በደረሰ ጊዜ ጠባቂው ካዘዘላት በቀር አንዳች አልፈለገችም። ሕዝቧንም ያዳነችው በከርቤው ዘይት ሳይሆን ሦስት ቀን ጾማ ሞትን ሳትፈራ በመቆሟ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም የሴት ጌጧ በውጭ ያለው ሽሩባና ወርቅ ሳይሆን በልብ የተሰወረው የዋህነት እንዲሆን ሲያስተምር፣ ጌጥን በየስፍራው ሊያኖር እንጂ ውበትን ሊጠላ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአንጾኪያና በቍስጥንጥንያ ሲያስተምር የገሠጸው ድኻው ተራቍቶ ሳለ በጌጥ መመካትን ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን «ቅባት መቀባት ይገባልን?» አይደለም። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሰው ሳይፈልግ፣ አፍሮና ተጨንቆ የሰጠው እሺታ እውነተኛ እሺታ ነውን? በዚህስ የሚጠየቀው ማን ነው?

ግፊቱ እንዴት እንደሚሠራ

የመጀመሪያው ሻጭ እባብ እንደ ነበረ ብንናገር ስሕተት አይሆንብንም። ሔዋን በገነት ሳለች አንዳች አልጐደላትም ነበር። እባቡ ፍሬውን ከማሳየቱ በፊት ጕድለትን ነገራት፤ ያላትን አስረስቶ የሌላትን አሳሰባት። ዛሬም መንገዱ ያው ነው። ሻጩ ቅባቱን ከማቅረቡ በፊት ቍስሉን ይፈጥራል። «እኅቴ፣ ፊትሽ ምነው እንዲህ ጠቈረ? ይህ ማድያት መቼ ወጣብሽ?» ይላል። ሴቲቱ ከቤቷ ስትወጣ ደኅና የነበረ ፊቷን አሁን በመስታወት እንደ በሽተኛ ትመለከተዋለች።

ሁለተኛው መንገድ ውለታ ማሸከም ነው። ቅባቱን ሳትጠይቅ እጇ ላይ ይቀቡላታል፤ ሻይ ያቀርቡላታል፤ «ለአንቺ ብቻ» ብለው ዋጋ ይቀንሱላታል። እነሆ ያልተበደረችው ዕዳ ተጫነባት። ሦስተኛው መንገድ ምስክር ማቆም ነው። በዚያ የተቀመጡት ሌሎች ሴቶች እየሰሙ «ከገንዘብና ከራስሽ የትኛው ይበልጥብሻል?» ይሏታል። በዚህ ጊዜ አልገዛም ብትል ድኻ ወይም ንፉግ የምትባል ይመስላታል። ጠጕሯ በግማሽ ተሠርቶ ስለሆነ ተነሥታ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ትገዛለች። የገዛችው ግን ቅባቱን አይደለም፤ ከኀፍረቱ መውጫዋን ነው እንጂ።

የይሉኝታ እሺታ

ይሉኝታ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጠባይ ነው። ሰው ሰውን አክብሮ፣ ጐረቤቱን ሳያስቀይም፣ ለታላቁ ተነሥቶ እንዲኖር የሚያደርግ ልጓም ነው። ነገር ግን ልጓም የፈረሱ ጌታ ካልያዘው ማንም መንገደኛ ይስበዋል። ይሉኝታም ፍቅርን ሲያገለግል በጎ ነው፤ ፍርሃትን ሲያገለግል ግን ባርነት ነው። ሁለቱን የምንለይበት ምልክት አለ። በፍቅር የሰጠነውን ነገር በኋላ ስናስበው ደስ ይለናል፤ በፍርሃት የሰጠነውን ግን ስናስበው እንቈጫለን፤ የተቀበለንንም ሰው በልባችን እንጠላዋለን። እንግዲህ ፍቅርን ለመጠበቅ ብለን የተናገርነው እሺታ ጥላቻን ከወለደ፣ ከመጀመሪያውም ፍቅር አልነበረም።

አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ሲገዛ በሕዝብ ፊት፣ በግልጽ ዋጋ፣ በሁለቱም ፈቃድ ገዛ። ይህ የንጹሕ ግብይት ምሳሌ ነው። ናቡቴ ግን ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን በሌላ ወይን ወይም በብር ሊለውጠው ቢጠይቀው እንቢ አለ። ንጉሡም በእንቢታው አዘነና ተቈጣ፤ ኤልዛቤልም ናቡቴን በግፍ አስገደለችው። እግዚአብሔር የፈረደው በማን ላይ ነበር? እንቢ ባለው ላይ ሳይሆን እንቢታውን ባላከበሩት ላይ ነው። ስለዚህ አለመሸጥና አለመግዛት ለሰው የተሰጠ መብት መሆኑን፣ የንጉሥም ክብር ቢሆን ይህን ሊሽረው እንደማይገባ እንማራለን።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈቃድ በስሕተት ወይም በተንኰል ወይም በኀይል የተገኘ እንደ ሆነ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ደነገገ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ደግሞ ሸማች የዕቃውን ጥራትና ዓይነት ስለ ተመለከተ ወይም በዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮትም እንዲስተናገድ መብት ሰጠው። እንግዲህ ጠይቆ መተው በሕግም ነውር አይደለም።

በቅባቱ ስለሚደርሰው ጕዳት

ከገንዘቡ የሚከፋ ሌላ ጕዳት አለ። በግፊት ከሚሸጡት ቅባቶች መካከል ቈዳን ለማንጣት የሚቀቡት ይገኙባቸዋል። በአንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዝ ይገኛል፤ ይህም ወደ ሰውነት ሰርጎ ኵላሊትን ይጐዳል። በጃፓን አገር ሚናማታ በምትባል ከተማ በዚህ መርዝ ብዙ ሕዝብ ስለ ተጐዳ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት በከተማይቱ ስም ተጠርቷል፤ ሜርኩሪ ያለባቸው የማስዋቢያ ቅባቶች እንዲቀሩም ወስኗል። ሃይድሮኪኖን የሚባለውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሲቀቡት ሊያነጣ የታሰበውን ፊት መልሶ ያጠቍረዋል። ሐኪም ለበሽታ የሚያዝዛቸው ብርቱ የስቴሮይድ ቅባቶችም ያለ ትእዛዝ ሲዘወተሩ ቈዳን ያሳሳሉ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የውበት መጠበቂያዎችን ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በመንግሥት ቍጥጥር ሥር ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

የጌዴኦ ገበሬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። ቡናውንና እንሰቱን በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ያለማል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አስማምቶ ለትውልድ ባቈየው በዚህ ጥበብ ነው። ጥላውን ቈርጦ ቡናውን ለፀሐይ የሚያጋልጥ ሰው ብርሃን የጨመረ ይመስለዋል፤ ተክሉን ግን ያቃጥለዋል። የቈዳችንም ጥቍረት እንዲሁ ነው፤ ሜላኒን የሚባለው ቀለም ፈጣሪ ከፀሐይ ግለት ሊጋርደን የተከለው ጥላ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ የኢትዮጵያዊን መልክ የማይለወጥ ነገር ምሳሌ አድርጎ ያነሣው ሊነቅፈው አይደለም። በመኃልየ መኃልይ ያለችውም ሙሽራ ጥቍረቷንና ውበቷን በአንድነት ትናገራለች። እንግዲህ ጥቍረትን እንደ በሽታ ቈጥሮ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ዕቃ ብቻ የሚሸጥ አይምሰለው፤ የፈጣሪን ሥራ እየነቀፈ ነው።

ስለ ሻጪቱ

ነገር ግን ፍርድ እንዳናዛባ እንጠንቀቅ። በመደብሩ የቆመችው ልጅ ብዙ ጊዜ ራሷ በግፊት ውስጥ ናት። ደመወዟ ትንሽ ሆኖ በሸጠችው ልክ ድርሻ የሚሰጣት፣ ሳትሸጥ ከዋለች የምትገሠጽ፣ የቤት ኪራይ የሚጠብቃት ትሆናለች። «እባክሽ አንድ ብቻ ግዢኝ፤ ዛሬ ምንም አልሸጥኩም» ስትል ልባችን ይራራል። ታዲያ ስለ ምሕረት ብለን ብንገዛ ምን ይከፋል?

መልሱ ይህ ነው፤ ምጽዋት ምጽዋት ይሁን፤ ግብይትም ግብይት ይሁን። ለልጅቱ ማዘን ይገባል፤ የምንችል ከሆነ በግልጽ እንስጣት። በማንፈልገው ቅባት በኩል የምንሰጣት ገንዘብ ግን አብዛኛው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ለእርሷ የሚደርሳት ጥቂቱ ነው፤ ነገም ሌላይቱን ሴት በዚያው መንገድ እንድታስጨንቅ ያስተምራታል። ባለመደብሩ ግን በብርቱ ይጠየቃል። ሠራተኛይቱን በረኀብ፣ ገዢይቱን በኀፍረት ይዞ የሚያተርፍ ሰው፣ ሚዛኑ ቢስተካከል እንኳ ትርፉ ንጹሕ አይደለም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከቤት ስንወጣ የምንገዛውን እንወስን፤ በቤት ያልታሰበ ነገር በገበያ አይታሰብ። ሁለተኛ፣ እንቢታችን አጭርና እውነተኛ ይሁን። «ገንዘብ አልያዝኩም» ብንል በዱቤ ውሰጂ ይሉናል፤ «ነገ እመለሳለሁ» ብንል ስልካችንን ይጠይቁናል፤ ይህም ሁሉ ሐሰት ሆኖ በራሳችን ላይ ይመሰክራል። ጌታችን ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ብቻ እንዲሆን አስተምሮናል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኅቴ፤ አልገዛም» የሚለው ቃል ምክንያትም ምሕላም አይፈልግም። ሁለተኛ ቢጠይቁን ያንኑ ቃል በዚያው ትሕትና እንድገመው። ሦስተኛ፣ ፊታችንን የሚነቅፍ ሰው ቢያጋጥመን ስለ በሽታ ሐኪምን እንጂ ሻጭን አንጠይቅ።

የንስሐ አባቶችም ይህን ነገር እንደ ቀላል እንዳያዩት እናሳስባለን። ባሏ የቡናውን ገንዘብ ሲቈጥር ጐድሎ ቢያገኘው የምትመታ ወይም የምትሰደብ ሴት፣ ስለዚህም ቅባቱን በሣጥን ሥር የምትሸሽግ ሴት ልትኖር ትችላለች። አባት ሆይ፣ ወደ እርስዎ ስትመጣ ስለ ጌጧ ብቻ አይገሥጿት፤ ማን እንዳሳፈራትም ይጠይቋት። ባሎችም ሚስቶቻቸውን በሰው ፊት መልካቸውን ከመንቀፍ ይቈጠቡ፤ በቤቷ የተከበረች ሴት በመደብር በቀላሉ አታፍርምና። ሻጮች የሆኑ ምእመናንም ዕቃቸውን በእውነት ያስረዱ፤ ዋጋውን ይግለጹ፤ ገዢው «አይሆንም» ባለ ጊዜ በሰላም ያሰናብቱት፤ ተመልሶ የሚመጣው በሰላም የወጣው ነውና።

ገንዘብ ቢጠፋ በሚመጣው ዓመት ቡና ይተካ ይሆናል። በጥቂት በጥቂቱ በይሉኝታ የተሸጠ ፈቃድ ግን በየትኛው ገበያ ይመለሳል? ስለዚህ መልካችንን ከሰጠን ጌታ ፊት ሳናፍር፣ ፈቃዳችንን ከእጁ እንደ ተቀበልን ንጹሕ አድርገን እንድንመልስለት፣ አዎን ለማለት ፍቅርን፣ አይደለም ለማለትም ድፍረትን እርሱ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።