የተዛወረ ቤት ያው ቤት ነውን?

ከቾንግቺንግ ከተማ ተነሥቶ በያንግትዜ ወንዝ ቍልቍል በመርከብ የሚወርድ መንገደኛ በየወደቡ እየወረደ የቻይናን የጥንት ቤተ አምልኮዎች ይጐበኛል። መሪው ትንሽ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ ይቀድማል፤ የመመለሻው ሰዓት አስቀድሞ ይነገራል፤ ሕዝቡም ፎቶግራፍ እያነሣ ይከተላል። እኔም ከነዚሁ መንገደኞች አንዱ ሆኜ ሄጃለሁ። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ ሰው በዚያ ምን ሊሠራ ገባ የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ ለማየት እንጂ ለመስገድ አልገባሁም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ተመለስሁ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃው ነው። ሦስቱ ገደሎች በሚባለው ስፍራ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ታላቅ ግድብ መሠራት ጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር እጽፋለሁ)፤ በ2003 ውሃው ይጠራቀም ጀመር፤ በ2010 ከባሕር ወለል በላይ 175 ሜትር ደረሰ። ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ቤቱንና እርሻውን ትቶ ተነሣ። በፌንግዱ የሙታን ከተማ የሚባለው፥ የሲኦል ንጉሥ ምስል ያለበት ኮረብታ በስፍራው ሲቀር፥ የሕያዋን ከተማ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ይህን የሰማ ባለቅኔ ሌላ ምሥጢር መፈለግ አያሻውም።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ሺባኦዣይ አለ። ቀጥ ያለ ዐለት ነው፤ 12 ደርብ ያለው የእንጨት ግንብ ዐለቱን ተደግፎ ከ50 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዐለቱ ራስ ላይ ቤተ አምልኮው አለ። በውስጡ አንዲት ቀዳዳ ያሳያሉ። ለመነኮሳቱ ዕለት ዕለት የሚበቃ ሩዝ ከዚያ ይፈስስ ነበር፤ አንዱ ስስታም እንዲበዛለት ብሎ ቀዳዳዋን ቢያሰፋት ሩዙ ፈጽሞ ቀረ ይላሉ። ውሃው በመጣ ጊዜ የዐለቱ እግር በግንብ አጥር ተከበበ፤ ቤቱም ዳነ። ውሃው ሲሞላ ደሴት ይሆናል፤ ሰው በድልድይ ተሻግሮ ይገባል። ከሥሩ የነበረው መንደር ግን ወደ ከፍታው ተዛውሯል።

በዩንያንግ ሌላ መንገድ ተመረጠ። ዣንግ ፌይ ሦስቱ መንግሥታት በሚባለው ዘመን የነበረ የጦር አለቃ ነው፤ በ221 የገዛ መኰንኖቹ ገደሉት። እንደ ሀገሩ ትውፊት ገዳዮቹ የቈረጡትን ራሱን ወደ ወንዙ ጣሉት፤ ዓሣ አጥማጅ አውጥቶ ቀበረውና በዚያ ቤት ተሠራለት። ጀልበኞችም መልካም ነፋስ ይሰጠናል ብለው በዚያ ይቆሙ ነበር። ከተማዪቱ ስትነሣ ቤቱም አብሮ ተነሣ፤ ድንጋዩና እንጨቱ ቍጥር እየተጻፈበት ፈርሶ፥ 32 ኪሎ ሜትር ወደ ወንዙ ላይኛ ወገን ተወስዶ፥ በ2003 ዳግመኛ ተከፈተ። ዛሬም እንደ ቀድሞው ከማዶ ሆኖ ያችኑ ከተማ ያያል።

እንግዲህ በእውነት የዳነው ከሁለቱ የትኛው ነው? ቤት ማለት ድንጋዩ ነው የሚል ሰው ብዙ አይራመድም፤ የዩንያንግ ቤት በ1870 በደረሰው ጎርፍ ፈርሶ እንደ ገና ተሠርቷልና፤ ስሙ ግን ያው ነው። በእኛም ሀገር ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲለወጥ፥ ጭቃው በድንጋይ ሲተካ፥ ታቦቱ እስካለ ድረስ ደብሩ ያው ደብር ነው። የቅኔ ተማሪም ሰሙ ቀልጦ ሲፈስስ ወርቁ እንደሚቀር ያውቃል። ስለዚህ ከሕዝቡ ጋራ የሄደው ቤት ዳነ፥ በስፍራው የቀረው ግን ቅርፊቱ ብቻ ነው ብዬ ፈረድሁ።

ፍርዴ ግን ሳይመሽ ተናወጠ። ጠበል የፈለቀበትን ስፍራ ማን ተሸክሞ ይወስዳል? የዣንግ ፌይም ራስ ወጣበት የተባለው ውሃ በዚያ እንጂ በዚህ አይደለም። ወርቁም ቢሆን ቅርጹን ያገኘው ከሰሙ ነው።

ከዚህ ይልቅ የከበደኝ ለማን ዳነ የሚለው ነው። ለሚያጥኑት ሰዎች ከሆነ፥ ከነርሱ ጋራ መሄዱ ተገባ። ለእኛ ለሚያዩት ከሆነ ግን መርከብ ይድረስበት እንጂ የትም ቢቆም አንድ ነው። የሺባኦዣይን የግንብ አጥር ሳይ፥ የእኔም ቲኬት ለመሠራቱ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን መካድ አልቻልሁም። ለማየት ብቻ ገባሁ ያልሁት ቃል በዚህ ደከመብኝ፤ ተመልካች ሲበዛ ቤቱን ይለውጠዋልና።

በዩንያንግ ደጃፍ ላይ እንደ ልማዴ ጫማዬን ላወልቅ ጐንበስ ብል፥ መሪያችን «በዚህ አይወለቅም፤ ይልቅስ የደጁን መድረክ ሳይረግጡ ተሻግረው ይግቡ» አለኝ። በውስጥ አንዲት አሮጊት ሦስት የዕጣን ዘንግ አብርተው ከምስሉ ፊት ቆመዋል። ጓደኞቼ ዙሪያቸውን ከበው ፎቶግራፍ ያነሣሉ። የሚያደርጉት ከሃይማኖቴ ውጭ ነው፤ ሆኖም በሀገሬ ኪዳን በሚደረስበት ሰዓት እንዲህ ያለ ጭፍራ ቢገባብን ምን እንደምል ዐውቃለሁ። ወደ ውጭ ወጣሁ። መሪው ሰዓቱን አሳየን፤ ሌሎቹ ወደ መርከቡ ወረዱ። አሮጊቷ ገና አልጨረሱም ነበር፤ እስኪወጡ ድረስ በደጁ ቆየሁ፤ ከተማቸውም ከወንዙ ማዶ ትታይ ነበር።