ጉዳቱ የት ላይ ይቆማል?



ሐዋሳ ላይ ጓሮ ያለው ሰው የክረምቱን ነገር ያውቀዋል። ማታ ደህና የነበረ ጎመን ፈጅር ላይ ተበሳስቶ፣ ቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጭ የልጋግ መስመር ይታያል። ጥፋተኛው ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ነው። ባለፈው ክረምት ከኢሻ በኋላ ባትሪ ይዤ ወጣሁና ያገኘሁት ላይ ሁሉ ጨው ነሰነስኩ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቆማ፣ ሲኮማተርና አረፋ ሲደፍቅ አይታ «አጎቴ፣ ያመዋል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ጎጂን መከላከል በዲናችን አልተከለከለም። ጥያቄው «እንዴት?» የሚለው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስናርድ እንኳ ኢሕሳን እንዳንረሳ፣ ቢላችንን እንድንስል አስተምረውናል። ጉንዳን ስለነከሰችው መንደሯን በሙሉ ስላስቃጠለ ነቢይም ነግረውናል፤ የተወቀሰው በአንዷ ጥፋት ሁሉም በመቃጠላቸው ነው።

መርዝም እንዲሁ ነው። ለቀንድ አውጣ የሚበተነው ሜታልዴሃይድ ውሻም ዶሮም ከበላው ሊገድል ይችላል። ጨውም አፈር ያበላሻል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጎርፍ ጠርጎ ያስገባበት ነገር መሄጃ የለውም።

«እንግዲያው በተፈጥሮ መንገድ እንከላከል» ትሉ ይሆናል። መልካም፤ ግን «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ነፃ አያወጣንም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሃዋይ ውስጥ ሰብል የሚያጠፋውን ትልቁን የአፍሪካ ቀንድ አውጣ እንዲበላ ተብሎ ሌላ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ከውጭ ገባ። እሱ ግን የደሴቶቹን የራሳቸውን ቀንድ አውጣዎች ይበላ ጀመር፤ ብዙ ዝርያዎችም እስከ ወዲያኛው ጠፉ። መርዝ አልነበረም፤ ግን ያው የጉንዳኗ መንደር ነው።

ስለዚህ መለኪያው «ጉዳቱ የት ላይ ይቆማል?» የሚለው ይመስለኛል። አሁን ዝናብ በሌለ ቀን ውሃ የማጠጣው ጠዋት ነው፤ ማታ የረጠበ አፈር ለቀንድ አውጣ ግብዣ ነውና። መደቡ አጠገብ አንድ ጣውላ አስተኛለሁ፤ ሌሊት ሲበሉ አድረው ጠዋት ሥሩ ይደበቃሉ፤ ገልብጬ ለቅሜ ለዶሮዎቹ እሰጣለሁ። እንቁራሪትና ወፍ ከጓሮዬ አላባርርም፤ የቀረውን እነሱ ይለቅሙታል። ቀንድ አውጣው አሁንም ይሞታል፣ አልክድም። ግን ሞቱ ለሌላው ሪዝቅ ሆኖ እዚያው ያበቃል። የሚጎድለኝ ጥቂት ቅጠል ነው፤ ሙስሊም ከተከለው ላይ ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ደግሞ ተምረናል።

ወንድሜ፣ እህቴ! ይህ የጎመን ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ሲያስቀይመን ብሔሩን በሙሉ ከሰደብን፣ አንድ ጎረቤት ሲበድለን ልጆቹን ሰላም ማለት ካቆምን፣ ስለ አንዲት ጉንዳን መንደር እያቃጠልን ነው። ዛሬ ተቆጥታችሁ ከሆነ፣ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፦ የት ላይ ይቆማል?

ጁምዓ ሙባረክ!