ለሆሳሱ እንዳይዋጥ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ በወገራ ደጋ ላይ ይዘረጋል። ዳባት ሲደረስ የሰሜን ተራሮች በቀኝ በኩል ቀረብ ማለት ይጀምራሉ። አባቶች እንደሚተርኩት፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ተሰናብቶ የመጣው ወደነዚህ ተራሮች ነው፤ የተሰወረውም በዚሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 11 ቀን ታስበዋለች። በዚህ መንገድ ስሄድ ማሕሌት ከፍቼ መስማት የምወደው ለዚህ ነው።

የሚያሳዝነኝ ግማሹ አለመሰማቱ ነው።

ማሕሌት በጩኸት አይጀመርም። መጀመሪያ ቁም ዜማው ይባላል፤ ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፣ የሰው ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ከወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው በመረግድ ረጋ ብለው ይገባሉ። ጽፋቱ ላይ ሲደረስ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፣ እልልታው ይቀልጣል። ሌሊቱን ቆሞ ላደረ ሰው የጽፋቱ ደስታ ከቁም ዜማው ጸጥታ የተወለደ ነው።

በመኪና ውስጥ ግን ቁም ዜማው ሞተሩ ሥር ይቀራል። ሹፌሩ ምንም አልሰማ ሲል ድምፁን ይጨምራል። አሁንም አልሰማ ሲል ደግሞ ይጨምራል። ከበሮው ሲገባ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ የተቀመጡ እናት «ኧረ ልጄ፣ ቀነስ አድርገው» ይላሉ። ይቀንሰዋል። የሚቀጥለው ዜማ በለሆሳስ ሲነሣ እንደገና ወደ ቁልፉ ይዘረጋል። መንገድ ላይ መሆን ያለበት ዓይንና እጅ ቴፑ ላይ ነው የሚውለው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። ጸጥ ያለ ክፍል 30 ዴሲቤል ያህል ድምፅ አለው። በአስፋልት ላይ በሚሄድ መኪና ውስጥ ግን የሞተሩ፣ የጎማውና የነፋሱ ድምፅ ተደማምሮ 70 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ ባረጀ ሚኒባስ ወይም በጠጠር መንገድ ላይ ከዚያም ያልፋል። በሌላ በኩል 85 ዴሲቤል ላይ ለረጅም ሰዓት መቆየት ጆሮን ይጎዳል። እንግዲህ ከጩኸቱ በላይ፣ ከጉዳቱ በታች የቀረችው ቦታ 15 ዴሲቤል ገደማ ናት። ሰፊ ዜማ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ እንዲያድር ይጠየቃል። ፈረንሳዊው ራቬል በ1928 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ያበቃው ቦሌሮ እንኳ፣ በጭንቅ ከሚሰማ የከበሮ ምት ተነሥቶ ሩብ ሰዓት ያህል እያደገ የሚሄድ ሥራ ነውና፣ መኪና ውስጥ የመጀመሪያ ደቂቃዎቹ ባዶ ናቸው።

መሣሪያ ሁሉ እኩል አይጎዳም። በገና ለምሳሌ ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ የዝቅተኛ አውታሮቹ ድምፅ ከሞተሩ ጉርምርምታ ጋር ይጋጫል። ሆኖም በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ለእያንዳንዱ ምት ያንን የታወቀ ንዝረት ትሰጠዋለች። ንዝረቱ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይዞ ስለሚወጣ ሞተሩን ሰንጥቆ ያልፋል። መጋቤ ስብሐት አለሙ አጋ ሲደረድሩ አውታሩ ይሰማኛል፤ የሚጠፋብኝ ድምፃቸው ነው። የበገና ድርደራ ደግሞ ቃሉ ካልተሰማ ምኑን ድርደራ ሆነ? ሞትንና ንስሐን የሚያስብ ቃል በሹክሹክታ አጠገብ ነው የሚነገረው፤ አድማጩ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲቀርብ ነው።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ከበገናው የባሰ ይጎዳል። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ካይሮ ላይ ሙዚቃ አጥንተው፣ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም የመነኮሱ ናቸው። በኋላ የያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ተቀመጡ። የቆሎ ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑ፣ ደጅ እያደሩ ሲማሩ ያዩት እዚያ ነው፤ ከሸክላቸው የሚገኘውም ገንዘብ ለችግረኞች እንዲውል አደረጉ። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ። አጨዋወታቸው ጣት ቁልፉን ነክቶ የሚተውበት፣ ድምፁ እየከሰመ ሄዶ ሌላው ከመነሣቱ በፊት ትንሽ የሚቆይበት ነው። ፒያኖ እንደ በገና ንዝረት የለውም፤ እየከሰመ ያለው ድምፅ መኪና ውስጥ ከመክሰሙ በፊት ይዋጣል። የሚተርፈው በየመሃሉ የተቆራረጠ ምት ነው። ያን ጊዜ ዜማው የተሰበረ ይመስላል፤ ፈጽሞ እንዲያ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዜማውን ለመንገድ ማዘጋጀት ይቻላል። መሣሪያው ኮምፕሬሰር ይባላል፤ እንደ ኦዳሲቲ ባሉ ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ቁልፉን እንደያዘ፣ ከእኛ ይልቅ ፈጣንና ታጋሽ እጅ ነው፦ ድምፁ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ በመጨረሻም ሁሉንም በአንድነት ከፍ ያደርጋል። ሁለት ለአንድ ብለን ብናዘው፣ ከልኩ በላይ ያለው እያንዳንዱ 2 ዴሲቤል 1 ይሆናል፤ ከልኩ በላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለ የ40 ዴሲቤል ርቀት ወደ 20 ይወርዳል። ለሆሳሱ ይሰማል፣ ከበሮው አያስደነግጥም።

ብዙ ሰው ይህን ከሌላ ነገር ጋር ያደባልቃል። የስልክ ማጫወቻዎች የመዝሙሮችን ድምፅ «እናስተካክል» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት አንዱን መዝሙር ከሌላው ጋር ማመጣጠን ነው። በአንዱ ማሕሌት ውስጥ ያለውን ርቀት አይነኩም፤ ቁም ዜማው እንደተዋጠ ይቀራል።

በከበሮ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የኮምፕሬሰሩ እጅ ከመጠን በላይ ፈጣን ከሆነ የከበሮው አናት ይቆረጥና ምቱ ካርቶን የመምታት ያህል ይደነዝዛል። ቶሎ ቶሎ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ከበሮው በተመታ ቁጥር የሊቃውንቱ ድምፅ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ወዲያው ይነሣል፣ እንደገና ይሰምጣል። ጽፋት ላይ ይህ ሲሆን መስማት ያማል፤ ከበሮው ዜማውን ሊያጅብ ገብቶ ዜማውን ይጫነዋል። እኔ የሚስማማኝ ልኩን በጣም ዝቅ አድርጎ፣ መጠኑን ከሁለት ለአንድ ሳያሳልፍ፣ አያያዙን 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ አለቃቀቁን አንድ ሰከንድ ያህል ማድረግ ነው። እንዲህ ሲሆን መረግዱ ከዝማሜው፣ ጽፋቱም ከመረግዱ ከፍ እንዳለ ይቆያል። አመጣጡ ይጠብባል እንጂ አይጠፋም።

ከዚህ በላይ መጭመቅ በደል ነው እላለሁ። በካሴት ዘመን የመንገድ መዝሙር ሁሉ ከፍ ብሎ ይቀዳ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ካሴቱ የራሱ እሽታ አለውና ዝቅ ያለው ድምፅ በእሽታው ይበላ ነበር። ዛሬ ግን ያ ግዴታ የለብንም። የሲዲ ልክ ያለው ቅጂ እስከ 96 ዴሲቤል ርቀት ይሸከማል። ይህን ያህል ስፋት ያለው ዕቃ በእጃችን ሳለ፣ ቀጂዎቻችን አሁንም ማሕሌቱን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ከፍታ ላይ ሰቅለው ሲያወጡት አዝናለሁ። ለመኪና የሚሆነውን አድማጩ ራሱ ማዘጋጀት ይችላል። አንዴ ተጨምቆ የወጣን ዜማ ግን ማንም ወደ ስፋቱ ሊመልሰው አይችልም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ደቀ መዝሙር የመምህሩን ለሆሳስ አያገኘውም።

ስለዚህ ቀጂዎችን የምለምነው ቁም ዜማውን በቁመቱ ተዉልን ብዬ ነው። ለመንገድ የምታዘጋጁም ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ሌላ ቅጂ አውጡ፤ ፍላሹ ላይ የሚጫነው ያ ይሁን። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከሥርዓተ ማሕሌቱ ብዙ ይሰማል። ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞ ሲጀመር ግን ቴፑ ይዘጋ። በእነዚያ ጠመዝማዛዎች ከወዲያ ማዶ የሚመጣው ተሳቢ ከመታየቱ በፊት የሚሰማው በጥሩንባው ነው፤ ለመንገድ የተዘጋጀ ዜማ ደግሞ ጥሩንባው ሊገባባት የምትችለውን የጸጥታ ክፍተት ሁሉ ሞልቶታል።