ስለ አንድ ቁጥር

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ቁጥር 11 ስምዖን ጴጥሮስ የጎተተው መረብ 153 ታላላቅ ዓሣዎች እንደ ነበሩበት ተጽፎ እናነባለን። ከ1 እስከ 17 ያሉትን ቁጥሮች ብንደምር 153 ይሆናል፤ ይህንንም የሂፖው አውግስጢኖስ አስቀድሞ አስተውሎታል። ዳግመኛም 1፣ 5 እና 3 እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ሦስት ጊዜ ሲባዙ 1፣ 125 እና 27 ይሆናሉ፤ ድምራቸውም ያው 153 ነው።

ነገር ግን ሁለቱ ውበቶች እኩል ናቸውን? ይህንኑ ቁጥር በግእዝ አኀዝ ፻፶፫ ብለን ስንጽፈው ምልክቶቹ መቶ፣ ኀምሳና ሦስት ናቸው፤ 1ም 5ም በዚያ ስለሌሉ ሁለተኛው ውበት ይሰወራል። የፊተኛው ግን ጸንቶ ይኖራል። ዓሣዎቹን በመጀመሪያው ረድፍ 1፣ በሁለተኛው 2፣ እንዲሁ እያልን በመጨረሻው 17 አድርገን ብንደረድራቸው በየትኛውም ቋንቋ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ።

በባዕድ አገር ልጆች ለምናሳድግ ለእኛ ጥያቄው ቅርብ ነው። ልጁ በሌላ ፊደል ሲያድግ ምን ይቀራል? ምንስ ይሰወራል? እውነትና ምሕረት በማናቸውም ቋንቋ ያው ናቸውና ስለ እነርሱ ተስፋ አንቁረጥ። በፊደላችን ብቻ የሚታየውን ውበት ግን እኛ ካላሳየነው ማን ያሳየዋል?