አባት ሳለ ማን ያጊጥ?

«አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ብዙ ጊዜ ለሰነፍ ልጅ የሚሰነዘር ተግሣጽ ነው፤ የአባት ሀብት እንደ ቀን ብርሃን ያልቃልና ሳይመሽ ተጠቀምበት ይላል። በምዕራብ ጎጃም ምክሩ መሬት ላይ የቆመ ነበር። አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደጋ ዳሞት ውስጥ እንዳጠናው፣ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአቅኚ አባት ቆጥሮ ርስት ይጠይቃል፤ የሚረታው ግን አንደበትና ተሰሚነት ያለው ነው። ትልቅ ሰው እንዲህ ያካበተው መሬት በሞተ ጊዜ ለልጆቹ ይከፋፈልና ትልቅነቱ አብሮት ይበተናል። አባት ሳለ ማጌጥ እንግዲህ እውነተኛ ብልኅነት ነበር።

ርስት በ1967 ዓ.ም. ቀረ፤ በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መሬት አሸጋሸገ፤ ከዚያ ወዲህ የደረሰ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የወላጁን ማሳ ነው። አራት ጥማድ፣ ማለት አንድ ሄክታር ገደማ ያለው አባት አምስት ልጆች ቢኖሩት፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የተረቱ ክብደት ወደ ሁለተኛው ሐረግ ተዛወረ። ሩጫው ትምህርት ሆነ፤ ከገጠር መጥቶ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ቤት የተከራየ ተማሪ በሳምንቱ መጨረሻ አገሩ ወርዶ እንጀራውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሞ ይመለሳል።

በ1961 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የካንግ ዴ-ጂን የኮሪያ ፊልም «ባለጋሪው» ይህንኑ የትምህርት ተስፋ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ሚስቱ የሞተችበት አባት በሰው ፈረስ ጋሪ እየነዳ አራት ልጆች ያሳድጋል፤ ጋሪ የኑሮ መደገፊያ ለሆነበት ለቡሬ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በመጨረሻ ትልቁ ወንድ ልጁ ደጋግሞ የወደቀበትን የሕግ ባለሙያዎች ፈተና ያልፋል፣ ቤተሰቡም በበረዶ ውስጥ ተያይዞ ይሄዳል። አባት ልጁን ያስጌጣል ሲባል ልጅ አባቱን አስጌጠ። ፍጻሜው ደስ ያሰኛል፤ የከፈሉትን ግን አይቆጥርም። መናገር የማትችለው ትልቋ ሴት ልጅ በባሏ ጭካኔ ተማርራ ራሷን አጥፍታለች፤ ለእርሷ ሩጫም ጌጥም አልነበረም። ተረቱም የሚያዘው አንዱን ልጅ ብቻ ነው፤ ያ ልጅ እንዲሮጥ ቤት የቀሩትን አይጠራም።

«ጎበዝ ልጅ በራሱ ጭንቅላት ያልፋል» የሚል ይኖራል። ጉብዝናውን አልክድም። ነገር ግን እርሱ ሲያጠና ወንድሙ በሬ ጠምዷል፣ እኅቱ ስንቁን አሰናድታለች። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ሁሉም እኩል ከሚደኸይ አንዱ ቢያልፍና ሌሎቹን ቢያወጣ አይሻልም ወይ? ይሻል ነበር፣ ፈተናው እንደ ፊልሙ ቢሸልም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተሰጣቸው ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስንቁ ግን ለቀሩትም ተልኳል። ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ ማስያዝ እንግዲህ ቁጥር የማይደግፈው ውርርድ ነው፤ ላለፈውም ቢሆን ውጤቱ የጋራ ሀብት እንጂ የግል ጌጥ አይደለም። የአባት ማሳ በሚከፋፈልበት ቀን ደመወዝተኛው ልጅ እኩል ድርሻ ሲያነሣ፣ ሞፈር ይዞ የቀረው ወንድሙ ስላስተማረበት ዓመታት አብሮ መነጋገር አለበት፤ ስንቅ ስትቋጥር ትምህርቷን ያቋረጠች እኅት ካለችም ስለ እርሷ እንዲሁ።