ሚሳ፦ ከመሰናበቻ የተወሰደ ስም

የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ቅዳሴያቸውን «ሚሳ» የሚሉት ከመሰናበቻው ወስደው ነው። ዲያቆኑ በመጨረሻ «ኢተ፣ ሚሳ ኤስት» ሲል ሕዝቡን «ሂዱ፣ ተሰናብታችኋል» ማለቱ ነው። ታላቁ ምሥጢር በስንብቱ መጠራቱ ተገቢ ይመስለኛል፤ ስንብቱ ለተልእኮ መላክም ነውና። ቆርቦ ወደተቸገረ ጎረቤቱ የማይሄድ ሰው ቅዳሴውን በደጀ ሰላሙ ጥሎት ወጥቷል።

ቃሉ ግን ተራ የስንብት ቃል ነበር፣ «ተልእኮ» የሚለው ፍቺ በኋላ የተጫነ ነው የሚሉ አሉ። መነሻውን በተመለከተ ልክ ናቸው፤ የቪየኑ ጳጳስ አቪቱስ በ500 ዓ.ም. ገደማ እንደመሰከረው፣ በቤተ መንግሥትና በፍርድ አደባባይም ሰው የሚሰናበተው በዚሁ ቃል ነበር። ይሁን እንጂ የሚጸለይ ቃል በመነሻው ታስሮ አይቀርም፤ ምእመናን ሲኖሩበት ይሰፋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ2007 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ስንብቱ ወደ ተልእኮ ማደጉን ጽፈዋል፤ በ2008 ደግሞ ወንጌልን እንዲያበስሩ ምእመናንን የሚልክ ተለዋጭ መሰናበቻ አጽድቀዋል።